የጾም ቅባት

እትዬ «ቅቤ ያልነካው ቅባት አወጣለሁ» ብላ ለእመቤቲቱ ቃል የሰጠችው በቅበላ ሰሞን ነው። እንዴት እንደሚወጣ ግን አታውቅም ነበር። አጠገቧ ቆሜ እግሯን በእግሬ ነካ ባደርጋትም አልሰማችኝም። ብትሰማም ዝም አትልም ነበር፤ እትዬ አንዴ ከአፏ የወጣውን ነገር መልሳ አትውጠውም።

እትዬ የአባቴ እህት ናት። አባቴ አንኮበር ውስጥ ቄስ ነበር። እግዜር ወንድ ልጅ ስላልሰጠው ዳዊት ያስደገመው እኔን ነው፤ ከዳዊትም አልፌ ቅኔ መቁጠር ጀምሬ ሳለሁ ሞተብኝና እትዬ ዘንድ ገባሁ። ጎረቤቱ «ፊደል ስትቆጥር እንዝርት መያዝ ያልተማረች» ይለኝ ነበር። ውሸት አይደለም። እንዝርት ተቀምጠው የሚይዙት ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ መቀመጥ አልወድም። ደግነቱ እትዬ ቤት መቀመጥ የሚባል ነገር የለም።

እመቤቲቱ የትልቅ መኰንን ሚስት ናቸው። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ባላቸው እዚያ ሲከርሙ፣ እሳቸው «ቤቴንና ደብሬን ትቼ ነፋስ ላይ አልሰፍርም» ብለው አንኮበር ቀሩ። ራስ ምታት አለባቸው። ሲነሣባቸው መስኮቱ ይዘጋል፣ ሰው በጣቱ ይራመዳል፣ ግቢው ሁሉ ሐዘን ቤት ይመስላል። ያንን የሚያስታግሥላቸው እትዬ የምትሠራው ቅባት ብቻ ነበር። ጦስኝና አሪቲ ወቅጣ በለጋ ቅቤ ለውሳ ፀሐይ ላይ ታከርመዋለች፤ እሱን በግራና ቀኝ ጆሮ ግንዳቸው ያሹታል። በዚህ ሥራ ነው ከግቢው በታች ያለችውን ቤትና ጓሮ ያገኘችው። ቤቱ የራሷ አይደለም፤ ቅባቱን እስከሠራች ድረስ የምታድርበት ነው። እጇ ሲሰንፍ ለሚተካት ያልፋል። እትዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ መግቢያ የላትም፤ እኔም ከእሷ ሌላ የለኝም።

በዚያ ዓመት ለእመቤቲቱ አዲስ የነፍስ አባት መጡላቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ የማይታዩ ሰው ናቸው። «ቅቤ በአፍም ቢገባ በአናትም ቢገባ ቅቤ ነው፤ በዐቢይ ጾም አይሆንም» አሉ። እመቤቲቱ ታዘዙ። ይኸን የሰማች አንዲት የደብረ ብርሃን ሴት ደግሞ «እኔ በሱፍ ቅባት እሠራለሁ» ብላ መላኳ ተሰማ።

«እስከ ሆሳዕና እጠብቅሻለሁ» አሏት እመቤቲቱ እትዬን። «ካልሆነልሽ ቤቱን ለእሷ እሰጣለሁ። ቂም እንዳይመስልሽ፤ ራሴን እያመመኝ ነው።»

እትዬም ያቺን ያልኳችሁን ቃል ያኔ ሰጠች።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሆዴ አልቻለም።

«እትዬ፣ ምን ብለሽ ነው?»

«ምን አልኩ?»

«አወጣለሁ አልሽ።»

«እና ላላወጣ ነው?»

«በምን ታወጪዋለሽ?»

«እሱን ነዋ ገና የማስበው። አንቺ ደግሞ አፍሽ ከሚሮጥ እግርሽ ይሩጥ፤ ነገ ጦስኝ ትለቅሚያለሽ።»

አንድ ነገር ግን ነበራት። ባለፈው ዓመት አልዩ አምባ ገበያ ወርደን ሳለ አንዲት እስላም ነጋዴ ከባሕር ማዶ የመጣ ሽቶ አውራ ጣት በምታህል ጠርሙስ ይዛ አግኝተናት ነበር። ክዳኑን ከፍታ ከእትዬ አፍንጫ ሥር ስታደርገው እትዬ ዓይኗን ጨፈነች፤ አልገልጥም አለች።

«እመት፣ ጠጣሽው እኮ። አፍንጫሽን አንሺው» አለቻት ሴትዮዋ እየሳቀች።

«ቅቤ አለበት?»

«የለበትም።»

«ኑግስ?»

«ምንም። የተክሉ የራሱ ወዝ ነው።»

«እንዴት አድርገው አወጡት?»

«ወላሂ አላውቅም። እኔ ሻጭ ነኝ። በእንፋሎት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንደ አረቄ።»

ይችን ቃል ነው እትዬ ዓመት ሙሉ በልቧ ይዛ የከረመችው።

የመጀመሪያው ሙከራዋ ግን በእንፋሎት አልነበረም። ቀላሉን ልሞክር ብላ ጦስኙን በቅባ ኑግ ውስጥ አድርጋ እሳት ላይ ጣደችው። ቤቱ ሸተተ፤ የሸተተው ግን ምሳ ምሳ ነው።

«ሽሮ ጨምሪበትና እንብላው» አልኳት።

ቀመሰችው፣ ተፋችው፣ «እሺ» አለች።

ስለዚች «እሺ» ልናገር። ሌላ ሰው ሥራ ሲበላሽበት «ወይኔ» ይላል፣ ወይ ማገዶውን ይሳደባል፣ ወይ ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ጠበል ይሄዳል። እትዬ «እሺ» ትላለች፤ አንድ ሰው ጠይቃው መልስ የሰጣት ይመስል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። በኋላ ሳየው ነገሩ እንደዚያው ነው፤ ማሰሮውን ትጠይቃለች፣ ማሰሮው ይመልስላታል።

ከዚያ ወደ አረቄው መንገድ ገባች። ጋኑን እስከ ግማሹ ውኃ ሞልተን ጦስኙን ጠቀጠቅንበት። አፉን ከደንን፤ ከክዳኑ ሸምበቆ አወጣንና ጫፉን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ እንስራ አስገባን። እንፋሎቱ በሸምበቆው ሄዶ እንስራው ውስጥ ሲበርድ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እንፋሎት እንዳያመልጥም የጋኑን አፍ በእበት መረግነው። አረቄ አውጪ ሁሉ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፤ አረቄ ጉሮሮ ስለሚያቃጥል እበቱን የሚያስታውሰው የለም።

የእኛ ውኃ ግን ጉሮሮ አያቃጥልም። መጀመሪያ እበት ሸተተ፣ ቀጥሎ ያረረ ቅጠል፣ ጦስኙ ሲጎተት ከኋላ መጣ።

«ይኸን ለእመቤቲቱ ብትቀቢያቸው ራሳቸውን ትተው አፍንጫቸውን ያማቸዋል» አልኳት።

«እሺ» አለች እትዬ።

በማግስቱ በእበቱ ፋንታ የገብስ ሊጥ አቦካች። ቅጠሉም እንዳያርር ሌላ መላ ላምጣ ብዬ «ውኃውንም እንጨምር፣ እሳቱንም እንቀንስ፣ ቅጠሉንም…» ስል እጄን ያዘችኝ።

«ዛሬ ሊጡን ብቻ ነው የምንለውጠው።»

«ለምን? ጊዜ የለንም እኮ።»

«ሁለት ነገር አንድ ላይ ከለወጥሽ የትኛው እንደረዳሽ፣ የትኛው እንደጎዳሽ በምን ታውቂያለሽ?»

ቅኔ ያስቆጠረኝ አባቴ እንኳን እንዲህ አድርጎ አፌን ዘግቶኝ አያውቅም። ጾሙ እየሄደ፣ ሆሳዕና እየቀረበ፣ የደብረ ብርሃኗ ሴት ዕቃዋን እየሸከፈች ሊሆን ይችላል፤ እትዬ ግን ዛሬ ሊጡን፣ ነገ ሌላውን። እኔ ብሆን ጋኑን ሰብሬው ነበር።

ሊጡ እበቱን አጠፋልን። ያረረው ሽታ ግን ቀረ። እትዬ ጋኑ ውስጥ አንገቷን አስገብታ ታች የተጣበቀውን ቅጠል በጥፍሯ እየፋቀች ብዙ ቆየች። ከዚያ ድምፅዋ ከጋኑ ውስጥ እንደ ከበሮ መጣ።

«ሥጋውን አይደለም የምንፈልገው።»

«የምኑን?»

«የቅጠሉን። ሥጋውን ምን ልናደርገው እንቀቅለዋለን? ትንፋሹን ነው የምንፈልገው።»

የወይራ ጭራሮ ቆረጥን። እሷ እንደ ሰፌድ ክብ አድርጋ ርብራብ ሠራች፤ ጋኑ ውስጥ ሦስት ድንጋይ አስቀምጣ እላዩ ላይ አኖረችው። ውኃው ከታች፣ ርብራቡ ከመካከል፣ ቅጠሉ ከላይ። እንፋሎቱ ቅጠሉን አልፎ ይሄዳል እንጂ ቅጠሉ ውኃ አይነካም። በዚያን ቀን የወጣው ውኃ ጥርት ያለ ሆነ፤ ያረረ የሚባል ነገር ጠፋ። እኔ ዘለልኩ። እትዬ አሸተተችና «እሺ» አለች፤ ይኸኛው «እሺ» ግን ትንሽ ይረዝም ነበር።

ከዚያ በኋላም እያንዳንዱን ነገር ጠየቀችው። ርጥቡን ቅጠል ሞከረች፣ ጥላ ውስጥ አድሮ የጠወለገውን ሞከረች፤ የጠወለገው በለጠ። የእንጨት እሳት ሞከረች፣ የኩበት ሞከረች፤ ኩበት ለስለስ ብሎ ስለሚነድ ኩበቱ በለጠ። ቅጠል ለቃሚዋ እኔ ነበርኩ። በጠዋት ውርጩን እየረገጥኩ ወደ ደጋው አፋፍ እወጣለሁ፤ ጦስኙ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ነው የሚበቅለው፣ ሲረግጡት ነው መኖሩን የሚናገረው። አንድ ቀን ቸኩዬ ከነሥሩ እየነቀልኩ ሸክም ሞልቼ ብመጣ እትዬ ዘንቢሉን አይታ ተቆጣች።

«ለከርሞ ምን ልትለቅሚ ነው?»

«ለከርሞ እዚህ እንኖር እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?»

«እኛ ባንኖር የሚኖር አለ። ጫፍ ጫፉን በማጭድ።»

ቤቱን የምትወስድባት ሴት እንኳን ጦስኝ እንዳታጣ ነው የምታስበው። በማግስቱ ጫፍ ጫፉን አጨድኩ።

ጥርት ያለውን ውኃ በቅል ሞልተን ለእመቤቲቱ ላክን። ሲቀቡት ጊዜ ደስ አላቸው፤ ግን ጥቂት ቆይቶ ሽታው በነነ፣ ራሳቸውም እንደነበረ ሆነ። በደንገጡራቸው ላኩብን፦ «ጠበል ነው የላካችሁልኝ? ጠበልማ ከቤተ ክርስቲያን አገኛለሁ።»

ያኔ ነው እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈትታ የተቀመጠችው። ጾሙ ተጋምሷል። አሁን «እሺ» እንኳን አላለችም። ጓሮዋን ትመለከታለች፤ አሪቲውን፣ ጤና አዳሙን፣ ራሷ የካበችውን ካብ።

«ያቺ ነጋዴ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ አልነበረም» አለች። «ወዝ ነው። ጣቴ ላይ ተይዞ ነበር። የእኛስ ወዝ የት ሄደ?»

የት እንደሄደ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። የበልግ ዝናብ ጥቂት አካፍቶ አድሯል። ደጃፉን ልጠርግ ብወጣ መሬቱ ጦስኝ ይሸታል። ጦስኝ በቅሎ አይደለም፤ አፈሩ ራሱ ነው። ተንበርክኬ አሸተትኩት። ሰው ቢያየኝ ልጅቷ አበደች ይላል። ማሰሮ ውስጥ ካለው ውኃችን ይልቅ ደጃፋችን ይሸታል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ልንገራችሁ። በእኛ አገር አረቄም ይሁን ጠላ ሲወጣ የፊቱ ለመሬት ይፈሳል። ለአድባር ነው። ካህን ይቆጣል፣ ሴቶች ደበቅ ብለው ያፈሳሉ፤ የካህን እህት እትዬም እንደዚያው። እንስራው ውስጥ መጀመሪያ የተጠራቀመውን ብድግ አድርጋ ደጃፉ ላይ ትደፋና፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው የምናጠራቅመው። ሁሌ። እኔም ሁሌ አያለሁ፤ ሁሌ ስለማየው ልብ አላልኩትም።

«እትዬ፣ ነይ እስቲ።»

መጣች።

«ተንበርከኪና አሽቺ።»

«አንቺ ቀልቃላ፣ ምን ሆንሽ?»

«አሽቺ አልኩሽ።»

አሸተተች። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደገና ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ወዙ የሚመጣው ከፊት ነው» አልኳት። «እኛ ያጠራቀምነው እጣቢውን ነው። አድባሯ ከእመቤቲቱ ቀድማ ስትቀባ ከርማለች።»

መሬቱ ላይ ቁጭ እንዳለች ቀረች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ ግን ፊቷ የፈራ ሰው ፊት ሆነ።

«እናቴ ሳታፈስ ቀርታ አታውቅም» አለች። «እኔም ሳላፈስ የቀረሁበት ቀን የለም። ባሌ የሞተ ጊዜ እንኳን አፍስሻለሁ።» ወደ እኔ ዞራ፦ «ዳዊት ደግመሻል። መጽሐፉ ምን ይላል?»

«መጽሐፉ ስለ አድባር ጥሩ ነገር አይልም።»

«እሱንማ ማን አጣው። ለዚህ አይደል ለነፍስ አባቴ የማልነግራቸው።»

እኔ አልሳቅሁም። ለእሷ ቀልድ አልነበረም። ለእኔ አፈር የሆነው ለእሷ የእናቷ እጅ ነው። ቤቱን ላጣ ወይስ ይህን ልተው ብላ ስትመዝን ፊቷ ላይ አየዋለሁ፤ መልሱን ደግሞ እንደ ጋኑ ጠይቃ የምታገኘው አይደለም። በመጨረሻ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ሁላችንም እየጾምን ነው» አለች። «አድባሯም እስከ ፋሲካ ትጹም። የሚገባትን በኋላ እሰጣታለሁ።»

በዚያን ቀን የፊቱን አላፈሰስነውም። አንገቱ ቀጭን የሆነ፣ ከእመቤቲቱ ቤት አፉ ተሸርፎ የተጣለ ብርሌ ነበረን፤ የፊቱን ውኃ በእሱ ተቀበልነው። ስናቆየው ከላይ፣ ልክ አንገቱ ላይ፣ ማር የመሰለ ነገር ተንሳፈፈ። ቀጭን፣ እንደ ክር። እትዬ የዶሮ ላባ አምጥታ ጫፉን አስነካችው፤ ወዙ ላባው ላይ ተያዘ። ወደ ትንሽ የቀንድ ዕቃ አንጠባጠበችው። ጣቷን አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች፤ ልክ አልዩ አምባ እንደጨፈነችው።

ሸክም ሙሉ ጦስኝ የሚሰጠው የላባ ጫፍ የምታህል ወዝ ነው። እስከ ሆሳዕና ድረስ እኔ አፋፍ ስወጣና ስወርድ፣ እሷ ኩበት ስትቆሰቁስ፣ ቀንዷ ግማሽ እንኳን አልሞላችም።

የሆሳዕና ለት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ግቢው ወጣን። እመቤቲቱ እልፍኛቸው ውስጥ ራሳቸውን በነጠላ ጠፍረው ተቀምጠዋል፤ ሕመሙ ተነሥቶባቸዋል። የነፍስ አባትየው ከጎናቸው ናቸው። እትዬ እጅ ነሥታ ቀንዷን አቀረበች።

እመቤቲቱ ወደ ውስጥ ተመለከቱ። «ይኸ ብቻ ነው? ተራራውን ስትግጡ ከርማችሁ እንባ አመጣችሁልኝ?»

«እመቤቴ፣ ብዙው አያስፈልግም» አለች እትዬ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ የነፍስ አባትየው። «በአረቄ ጋን ነው የወጣው ሲሉ ሰምቻለሁ። አረቄ አይደለም?»

«አይደለም አባቴ። የቅጠል ወዝ ነው። ቅቤም፣ አረቄም የለበትም።»

«እስቲ እንየው» አሉና እትዬ «አባቴ፣ እሱስ…» ብላ ሳትጨርስ ጣታቸውን ነክረው ምላሳቸው ላይ አኖሩት። ፊታቸው ቀላ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ውኃ ሲመጣላቸው ሁሉም ሰው መሬት መሬት ያያል፤ እኔ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ።

ሲተነፍሱ፣ «የጾም ነው» አሉ። «እንዲያውም ንስሐ ነው።»

ያኔ ሲስቁ አየናቸው። እመቤቲቱም ራሳቸውን ይዘው ሳቁ።

እትዬ ከጉያዋ ቅባ ኑግ የያዘች ጽዋ አወጣች፤ ከቀንዷ በላባ ጠብታ ጣል አደረገችበትና በጣቷ በጠበጠችው። ሽታው እልፍኙን ሞላው፤ በር ላይ የቆመው አጋፋሪ ሳይቀር ዞር አለ። በእመቤቲቱ ግራና ቀኝ ጆሮ ግንድ አሸችላቸው። ከዚያ ቆመን ጠበቅን። እኔ የማየው የእትዬን እጅ ነው፤ የጠረገውን ላባ መልሶ መላልሶ ይጠርጋል።

እመቤቲቱ ቀስ ብለው ከራሳቸው ላይ ነጠላውን ፈቱ።

«መስኮቱን ክፈቱልኝ» አሉ።

ተከፈተ። ብርሃኑ ገባ፤ እሳቸው ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

«ለዚያች ለደብረ ብርሃኗ፣ አትምጪ ብላችሁ ላኩባት» አሉ። ከዚያ እትዬን፦ «በቤትሽ እደሪ። ከፋሲካ በኋላም ቅቤውን ተይው፤ ይኸን አድርጊልኝ።»

እትዬ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። እኔ መንገዱን ሁሉ ስለፈልፍ እሷ ቀድማኝ ቁልቁል ወረደች። በሩን ገፍተን ስንገባ ከበሩ ኋላ አንድ የታሰረ ጥቅል አየሁ፤ ጠዋት ስንወጣ አልነበረም፣ ወይም እኔ ቀድሜ ወጥቼ ነበርና አላየሁትም።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ባይሆንልኝስ ብዬ ነው» አለች። «ሰው በግርግር ዕቃውን ይረሳል።»

ቋጠሮውን ፈታሁት። ልብስ የለበትም። ሁለተኛ ቀሚሷ ችንካሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ የባሏ ጋቢ መደቡ ላይ ነው። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ያ የወይራ ርብራብ፣ ሸምበቆው፣ አንገተ ቀጭኑ ብርሌ በገለባ ተጠቅልሎ፣ አንድ ሁለት የዶሮ ላባ ነው። ከቤቱ ብትወጣ ይዛ የምትሄደው እሱን ነበር፤ የትም ሄዳ፣ ማን ደጅ ወድቃ፣ ነገ እንደገና ልትጥደው።

ትከሻዋን ሳምኳት።

«ምን ታይኛለሽ» አለች፤ ርብራቡን ከእጄ ወስዳ ወደ ብርሃኑ አነሣችው፣ እያዞረች አየችው። «ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ታያለሽ? ቅጠሉ ወደ ታች ያመልጣል። ጠበብ አድርጌ መሥራት አለብኝ። ጭራሮ ቁረጪልኝ።»

ማጭዱን አንሥቼ ወጣሁ።